ልጄ፣ መጥነሽ ደቁሺ

የላክሽልኝን የጨዋታ ጀብዱ የመጻፍ ውል ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። የማያውቅሽ ሰው ጽሑፍሽን አይቶ «ሥሪልን» ሲል ትንሽ ነገር አይደለም፤ እናትሽም ደውላ በሳቅና በኩራት ነግራኛለች። ቀጥሎ የምጠይቅሽ ግን አንድ ነገር ነው፤ አልፈረምሽም አይደል? ካልፈረምሽ ጊዜ አለን። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። በየዓመቱ ማርች ላይ ደረሰኛቸውን በፌስታል አጭቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው ቢሮዬ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ድስቱን ከጣዱ በኋላ ነው የሚያማክሩኝ። አንቺ ቀድመሽ መጥተሻልና ረዘም አድርጌ ላውራሽ።

ጨዋታውን እኔ አልጫወተውም። እናንተ ግን ምድር ቤት ጠረጴዛ ከባችሁ፣ አንዷ ታሪኩን እየመራች ሌሎቻችሁ ጀግናና ሌባና ጠንቋይ ሆናችሁ፣ 20 ፊት ያለውን ዳይስ እየጣላችሁ እስከ ውድቅት ስትጯጯሁ ሰምቻለሁ። ያ ጀብዱ በገንዘብ እንደሚጻፍና እንደሚሸጥ ያወቅሁት አንቺ ከገባሽበት ወዲህ ነው። ስለ ጠንቋዩ አልመክርሽም። ሒሳቡ ግን ሙያዬ ነው።

ውሉ 12,000 ቃል፣ በቃል 5 ሳንቲም ይላል፤ 600 ዶላር። አልናቅሁትም። ግን ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? ራስሽ እንደነገርሽኝ፣ ለአርታኢ የሚበቃ ጽሑፍ በሰዓት ከ250 ቃል አይበልጥልሽም፤ ይህ 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ጀብዱውን ከሰው ጋር ተጫውቶ መፈተን አለ፣ አርታኢው የመለሰውን ማስተካከል አለ፣ የኢሜይል ምልልሱ አለ። ለዚህ ሁሉ 22 ሰዓት ብንሰጠው ድምሩ 70 ይሆናል። 600 ለ70 ሲካፈል በሰዓት 8 ዶላር ከ57 ሳንቲም ነው። ገና አላለቀም። ፍሪላንሰር ስለሆንሽ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን የቀጣሪ ድርሻ የሚከፍልልሽ የለም፤ የሁለቱንም ወገን አንቺ ነሽ የምትከፍዪው፣ 15.3 በመቶ። የሚሰላው ከገቢሽ ጥቂት ተቀንሶ ስለሆነ ወደ 85 ዶላር ይወስዳል። የተረፈሽ በሰዓት 7 ዶላር ከ36 ሳንቲም ነው፤ የገቢ ግብሩን ሳልነካ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ ሳይል 7 ከ25 ላይ ቆሟል። እኛ በምንኖርባት ሜሪላንድ ደግሞ ከ2024 ወዲህ 15 ዶላር ነው። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ዕቃ ደርድሪ ብሎ እጥፉን የሚጠጋ ይከፍልሻል ማለት ነው።

ታክሲ የሚነዱ ደንበኞቼ «ዛሬ 300 ሠራሁ» ሲሉኝ ቤንዚኑን፣ ጎማውንና ኢንሹራንሱን ረስተው ነው። በቃል የሚከፈል ሰውም እንደዚሁ ይታለላል፤ ቃሉን ይቆጥራል እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። በዚህ ሙያ ውስጥ በቃል 10 ሳንቲም የሚከፍል አሳታሚ ጥሩ ከፋይ ይባላል። በ10 ሳንቲም አስልቼልሻለሁ፤ ከዚያው ቀረጥ በኋላ በሰዓት 14 ዶላር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። ጥሩ የተባለው ክፍያ ከሜሪላንድ ወለል ብዙም አልራቀም። 2 እና 3 ሳንቲም ስለሚከፍሉት እንኳ አላነሳም።

ድሮም እንዲህ ነበር እንዳትዪኝ። በ1930ዎቹ በርካሽ ወረቀት ይታተሙ የነበሩት የአሜሪካ የልብ ወለድ መጽሔቶች በቃል 1 ሳንቲም ያህል ይከፍሉ ነበር፤ ያ ሳንቲም በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር ከ15 ሳንቲም ይበልጣል። የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድና ፋንታሲ ደራስያን ማኅበር በበኩሉ ለአጭር ልብ ወለድ የባለሙያ ክፍያ የሚለውን መነሻ በ2019 ወደ 8 ሳንቲም ከፍ አድርጓል። ያንቺ ጀብዱ ከልብ ወለድ በላይ ልፋት አለበት፤ ታሪክም ነው፣ ካርታም ነው፣ የሕግ መጽሐፍም ነው።

ክፍያው የወረደው መስኩ በክፉ ሰው ስለተሞላ አይመስለኝም። አብዛኛው አሳታሚ ራሱ ትርፉ የሳሳ፣ ማታ ከሥራ መልስ ኢሜይል የሚመልስ ሰው ነው። ዋጋውን የሚያወርደው ፍቅር ነው። በልጅነቱ በተጫወተው ጨዋታ ሽፋን ላይ ስሙን ለማየት የሚጓጓ ስንት ወጣት ተሰልፏል! አንዱ በ5 ሳንቲም እምቢ ቢል ሌላው በ3 እሺ ይላል፤ ከኋላው ያለው በነጻ። «ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ስምሽ ይታወቅልሻል» የሚሉሽም አሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። እወደዋለሁ ስትዪ ደስ ይለኛል፤ ግን ፍቅሩን ለሥራው አድርጊው፣ ዋጋውን በዚያ አትተምኚ።

ቀጥሎ ጊዜው። ውልሽ ክፍያው «ሲታተም» ነው ይላል። መቼ ነው የሚታተመው? ሠዓሊው ቢዘገይ፣ ማተሚያ ቤቱ ቢዘገይ፣ ድርጅቱ ሐሳቡን ቢቀይርስ? በስልክ «ሦስት ወር አይሞላም» አሉኝ ብለሽኛል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።» የኒውዮርክ ከተማ ከ2017 ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የፍሪላንስ ሥራ የጽሑፍ ውል ያስገድዳል፤ ውሉ ቀን ካልቆረጠ ደግሞ ሥራው በተጠናቀቀ በ30 ቀን መከፈል አለበት። ኢሊኖይ በ2024፣ ካሊፎርኒያ በ2025 የየራሳቸውን ሕግ በሥራ ላይ አውለዋል። አንቺ እዚያ ባትሆኚም 30 ቀኗን ተዋሻትና ውልሽ ውስጥ አስገቢያት፤ ሥራውን ከተረከቡ በ30 ቀን፣ ቢታተምም ባይታተምም። ሥራውን ካስጀመሩሽ በኋላ ቢሰርዙት ስንት እንደሚከፍሉሽም ይጻፍ። ስምሽ በየትኛው ገጽ እንደሚወጣም ይጻፍ፤ እንዲህ ያለውን መጠየቅ ትንሽነት እንዳይመስልሽ።

ይሉኝታ እንደሚይዝሽ አውቃለሁ፤ እኛው ነን እንዲያ ያሳደግንሽ። እንግዳ ቤት ሁለተኛ እንጀራ ሲቀርብልሽ «በቃኝ» በዪ ብለን አስተምረን፣ ዛሬ ከነጭ አሳታሚ ጋር ተከራከሪ ስንልሽ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። ግን አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እዚያው ባህል ውስጥ ነው። መናገር ማለት መቆጣት አይደለም። «8 ሳንቲም ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል» በዪ። በጀት የለንም ካሉ ደግሞ «እንግዲያው በ600 ዶላሩ 7,500 ቃል ልጻፍላችሁ» በዪ፤ ያው 8 ሳንቲም ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳታል። ገንዘቡ አልጨምር ሲል ሥራው ይቀነሳል።

አንድ ተረት ግን አልቀበልም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን። በክፍያ ነገር ዝምታ በደንብ አድርጎ ይነቅዛል። ጓደኛሽ ለዚያው ድርጅት በስንት እንደጻፈች ካላወቅሽ፣ እሷም ያንቺን ካላወቀች፣ ዋጋውን የሚያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው። ተነጋገሩ። በ2021 ኦክቶበር «ፓትፋይንደር» የተባለውን ጨዋታ የሚያሳትመው የፓይዞ ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋማቸውን ሲያሳውቁ፣ ወደ 40 የሚጠጉ ፍሪላንስ ጸሐፊዎች ማኅበሩ ዕውቅና እስኪያገኝ አንጽፍም ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ድርጅቱ በሳምንቱ ለማኅበሩ ዕውቅና ሰጠ። ልብ በዪ፤ ፍሪላንሰሮቹ የማኅበሩ አባላት እንኳ አልነበሩም። «ድር ቢያብር» የሚባለውን ጨርሺው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የውልሽ አራተኛ አንቀጽ «ወርክ ፎር ሃየር» ይላል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ይህ ማለት የጻፍሽው ነገር ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ የድርጅቱ ነው፤ በሕግ ፊት ደራሲው ድርጅቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። መብቱን በሌላ ዓይነት ውል ያስተላለፈ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ መልሱልኝ የማለት ዕድል አለው። ይህኛውን የፈረመ ግን የለውም። እኔ 35 ዓመቱን ላላየው እችላለሁ፤ አንቺ ግን ያን ጊዜ የእናትሽን የዛሬ ዕድሜ ጥቂት ብታልፊ ነው።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የጨዋታው ታሪክ ራሱ በዚህ የተጻፈ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን በ1974 ሲያወጡ አሳታሚው የጋይጋክስና የወዳጆቹ አነስተኛ ኩባንያ ነበር፤ ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ ውስጥ። የመጀመሪያው ሕትመት 1,000 ሳጥን ነው፤ እቤት ውስጥ በእጅ ነው የገጣጠሙት። ሲሳካ ኩባንያው «አድቫንስድ» የተባለውን አዲስ እትም በጋይጋክስ ስም ብቻ አወጣና የአርነሰንን ሮያሊቲ አላውቅም አለ። አርነሰን በ1979 ከሰሰ፤ በ1981 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ጋይጋክስስ ዳነ? በ1985 ራሱ የመሠረተው ኩባንያ ከእጁ ወጣ። ጨዋታው በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ ዊዛርድስ ደግሞ በ1999 ለአሻንጉሊት አምራቹ ሃስብሮ ተሸጠ። ለፈለሰፉት ሰዎች እንኳ ነገሩ በማን እጅ እንዳለ የሚወስነው ወረቀት ነው። አንቺ ደግሞ የፈለሰፍሽው አይደለም፣ በሌላ ሰው ዓለም ውስጥ ነው የምትጽፊው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

ይህን የምልሽ ያችን የፈጠርሻትን በግንብ የተከበበች ከተማሽን ስለማውቃት ነው። ጎንደርን የምትመስለውን፤ ጠልሰም የሚጽፍ ደብተራ ያለባትን፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ የሚዞርባትን። (የቀጥቃጩን ነገር ግን እንደገና አስቢበት። ቡዳ ነው እየተባለ በእጅ ባለሙያ ላይ ስንት ግፍ ተሠርቷል።) እንዲህ ያለ ታሪክ ዛሬ ፈላጊ አለው። ዊዛርድስ በ2022 ያወጣው «ጀርኒስ ስሩ ዘ ራዲያንት ሲታደል» የተባለው መጽሐፍ 13 ጀብዱዎች አሉት፤ ሁሉንም የጻፉት ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ደራስያን ናቸው። አርታኢሽም ኢሜይሉ ውስጥ «ካንቺ ባህል የሆነ ነገር ብታስገቢ» ብሎሻል። በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል። አያትሽ የነገረችሽን ተረት ማንም መናገር ይችላል፤ ተረት ባለቤት የለውም። አንቺ የቀረጽሻት ከተማ፣ የሰጠሻት ስም፣ የጻፍሽላት ታሪክ ግን ንብረት ነው፤ በዚህ ውል ውስጥ ካስገባሻት በ5 ሳንቲም ሸጥሻት። ለአሳታሚዎቹ የእነርሱን ዋሻ ጻፊላቸው፣ በደንብ አድርገሽ። ከተማሽን ይዘሽ ቆዪ።

ቆይተሽ ራስሽ አሳትሚያት። ይህ መንገድ በዚህ ሙያ ውስጥ የተሸነፈ ሰው መንገድ አይደለም፤ ዋናው መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ግሬግ ስታፎርድ የተባለው ሰው የፈጠረውን ዓለም ያዘለች ጨዋታ ለአሳታሚዎች ሰጥቶ አንዱም ማውጣት ሲያቅተው፣ በ1975 ኬዮሲየም የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ራሱ አወጣት። ኩባንያው ከ50 ዓመት በኋላም አለ። ቅርብ ጊዜውን ካልሽ «መዘርሺፕ» የተባለው የሕዋ አስፈሪ ጨዋታ በ2018 የቻላችሁትን ክፈሉ ተብሎ በፒዲኤፍ የወጣ ነው፤ በ2021 ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በኪክስታርተር ላይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። ያ የአንድ በመቶው ዕድል ነው፣ በእሱ አትመኪ፤ መነሻው ግን አንድ ቀጭን ፒዲኤፍ ነበር።

ሕጉም ይረዳሻል። የጨዋታ ደንብ በራሱ በቅጂ መብት አይያዝም፤ የሚያዘው የተጻፈበት ቃል ነው። በ2023 ጃንዋሪ ዊዛርድስ ሌሎች ጸሐፊዎች ለዓመታት ሲሠሩበት የነበረውን ክፍት ፈቃድ ለመቀየር ያረቀቀው ሰነድ ሾልኮ ወጣ፤ በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚያስገባ ሰው ከዚያ በላይ ካለው ገቢ እስከ 25 በመቶ ሊቀበል ነበር። ተጫዋቹ ተነሣበት፣ ብዙ ሰው ለኩባንያው ድረ ገጽ የሚከፍለውን የወር ክፍያ ሰረዘ፣ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው መሠረታዊ ደንቡን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ያ ፈቃድ መልሶ አይነጠቅም። ምንጩን እስከጠቀስሽ ድረስ ማንንም ሳታስፈቅጂ ትጽፊበታለሽ።

ሒሳቡን እንየው። ከተማሽን በ10 ዶላር ፒዲኤፍ ብታወጪ፣ ድራይቭስሩ አርፒጂ የሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ለእነርሱ ብቻ ከሰጠሽ 70፣ ሌላ ቦታም ልሽጥ ካልሽ 65 በመቶው ያንቺ ነው። በ65ቱ 600 ዶላር ለመድረስ 93 ቅጂ ያስፈልግሻል። ኢች በሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ የድርሻውን መጠን ራስሽ ትወስኛለሽ፤ ካልነካሽው 10 በመቶ ይወስዳሉ፣ የካርድ ክፍያው ሲቀነስ ወደ 70 ቅጂ ገደማ ይበቃል። ዲኤምስ ጊልድ የሚባለው የዊዛርድስን ዓለማት እንድትጠቀሚ ይፈቅዳል፤ ግን 50 በመቶ ብቻ ይሰጥሽና የጻፍሽውን ሌላ ቦታ እንዳትሸጪ ያስርሻል። ለከተማሽ እሱን ተዪው።

93 ቅጂ ቀላል እንዳይመስልሽ። ድራይቭስሩ ጥሩ ለተሸጠ መጽሐፍ በማዕድን ስም የሚጠራ ሜዳልያ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው የመዳብ ነው፣ ከ50 ቅጂ በላይ ለሸጠ። 51 ቅጂ የሚያሸልም ገበያ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚሁ ገምቺ። ሠዓሊና አራሚ ደግሞ ይከፈላቸዋል፤ ለራስሽ 5 ሳንቲም አነሰኝ ብለሽ ለሠዓሊዋ «ስምሽ ይታወቅልሻል» እንዳትዪ፣ እቀየምሻለሁ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ፤ የአሳታሚው 600 ዶላር አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፣ ፒዲኤፉ ግን በሚመጣው ዓመትም፣ ከዚያም ወዲያ ሁለት ሦስት እያለ ይሸጣል። ሁለተኛውን ስታወጪ የመጀመሪያው ገዢ ተመልሶ ይመጣል።

በወረቀት ማሳተም ካማረሽ ከትንሽ ጀምሪ። ጥቁርና ነጭ፣ በሽቦ የተሰፋ 32 ገጽ ዚን ይበቃሻል፤ ገጹ ለአራት የሚካፈል ይሁን። ኪክስታርተር በ2019 ዚን ክዌስት የሚባል ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ መጽሐፍ የተዘጋጀ ዘመቻ ጀምሯል፤ ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ መሆኑ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ደስ ይላል። የሰበሰብሽው ገንዘብ የገባበት ዓመት ገቢ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ተቀብለሽ ለማተሚያ ቤቱ ጃንዋሪ ላይ ብትከፍይ ወጪ ባልወጣበት ገንዘብ ግብር ይመጣብሻል። ፌብሩዋሪ ላይ ከገባ ግን አሳትመሽ ልከሽ ለመጨረስ አሥር ወር አለሽ።

ከዘመቻው ደግሞ እጅግ የምፈራልሽ ቃል መግባትን ነው። ገንዘቡ ሲጨምር ሰው ይሰክራል፤ «20,000 ከደረስን ካርታ እጨምራለሁ፣ 30,000 ከደረስን ሁለተኛ መጽሐፍ!» እያለ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ነው። ቅድም ያመሰገንኩት ኬዮሲየም በ2013 ለ«ኮል ኦቭ ክቱሉ» ጨዋታ ሰባተኛ እትም ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ የገባውን ቃል መፈጸምና ወደ ውጭ አገር መላኪያው ገንዘቡን በልቶት ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር፤ በ2015 መሥራቹ ስታፎርድ ተመልሶ ገብቶ ነው አመራሩ ተቀይሮ የተረፈው። የ40 ዓመት ልምድ ያለው ድርጅት ነው ይህ። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» ኪክስታርተር 5 በመቶ፣ ካርድ አስኬጁ ሌላ 3 በመቶና ከየሰዉ 20 ሳንቲም ይወስዳሉ፤ ይህን ሁሉም ያሰላል። ገደሉ ፖስታው ነው። አገር ውስጥ መጽሐፍ በሚዲያ ሜይል በርካሽ ይሄዳል፤ ወደ አውሮፓና አውስትራሊያ ግን መላኪያው ከመጽሐፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለመጀመሪያው ዚንሽ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ፒዲኤፍ ብቻ ሽጪ። አክስትሽ ፍራንክፈርት ሆና ብትቆጣም ትቆጣ።

እንግዲህ ይህን ሥራ ተዪው እያልኩሽ አይደለም። ጥሩ አርታኢ ጽሑፍሽን ሲያርም የምትማሪው ብቻሽን ሆነሽ አታገኚውም፤ አንድ ሁለት ጊዜ መሥራቱ ይጠቅምሻል። ስለዚህ ለአርታኢው የምትጽፊውን ዛሬ ማታ አርቅቂው። 8 ሳንቲም፣ ወይም በ600ው 7,500 ቃል። ክፍያ ከተረከቡ በ30 ቀን። ቢሰረዝ ግማሹ። ከባህልሽ አስገቢ ላለው ደግሞ «ያንን ለራሴ መጽሐፍ አስቀምጬዋለሁ» በዪው፣ በትሕትና። ለብቻው የባንክ ሒሳብ ክፈቺና ከሚገባልሽ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 25ቱን እዚያ አስቀምጪ፤ ግብሩ በዓመት አራቴ ነው የሚከፈለው፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ 15። እንግሊዝኛውን ላንቺ ትቻለሁ፤ ቁጥሮቹን ግን ሳትልኪው በፊት አሳዪኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ነኝ፤ ውሉንም በወረቀት አትመሽ አምጪው፣ ስልክ ላይ አይታየኝም።